«ስንት ጣሉ?» አይጠየቅም፦ የተዋጊ ጄት አብራሪ አጎቴን ታሪክ ስቀዳ ያየሁት

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ጄት ያበረሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ሰባውን የተሻገሩ ናቸው። አንዱ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቢቸና አውራጃ ተወልደው፣ ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1962 ዓ.ም. አየር ኃይል ገቡ። ከ1983 በኋላ ደግሞ ወደ ማርቆስ ተመልሰው ወፍጮ ቤት ከፈቱ። ታሪካቸውን በድምፅ ቀድቼ ለቤተሰብ የሚሆን ጥራዝ ካዘጋጀሁ ወዲህ «የኔም አባት መድፈኛ ነበር»፣ «የኔም አያት ታንከኛ ነበሩ፣ ከየት ልጀምር?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ለእኔ የሠራልኝን ላካፍላችሁ።

እኛ አገር ጀግና በተገኘበት ፉከራ ይፈለጋል። ሠርግ ቤት ይሁን ተዝካር፣ አጎቴ ብቅ ካሉ «ኮሎኔል፣ ስንት ጣሉ?» የሚል አይጠፋም። እሳቸውም ጠላቸውን ፉት ብለው «ራሴን አልጣልሁም፤ ይበቃል» ይሉና ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ ያዞሩታል። ጥያቄው ቁጥር ብቻ ስለሚፈልግ ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ የሚቀጥል ጨዋታ የለውም። ቁጥሩ ራሱም አስቸጋሪ ነው። በየትኛውም አገር ጦርነት አብራሪዎች ጣልን የሚሉት ድምር አብዛኛውን ጊዜ ጠላት አጣሁ ከሚለው ይበልጣል። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም፤ ሁለት ሰው አንዱን ዒላማ መትቶ ሁለቱም «የኔ ነው» ሊሉ ይችላሉ፣ እየጨሰ የወረደው ደግሞ ተንገዳግዶ ቤቱ ይገባል። በዚያ ፍጥነት ዞሮ የሚያጣራ የለም። ስለዚህ ቁጥር ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ ጠይቁ። ስትጽፉም እሳቸው ያሉትንና ወረቀት ላይ ያለውን ለየብቻ አስቀምጡ።

የአጎቴን አፍ የከፈተው ሌላ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ ጠዋት አውሮፕላኑ ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ ምን ይነካሉ?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ በርጩማውን ሳብ አድርገው ከግድግዳው ራቅ ብለው ተቀመጡ።

መጀመሪያ ዙሪያውን ነው የሚዞሩት። ጎማውን በእግር ነካ፣ የፍጥነት መለኪያውን የአየር ቱቦ ሽፋን መነሣቱን ማየት፣ ክንፉ ሥር ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ በጣት ጠርጎ ማሽተት። ሚሳይሉ ላይ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ፒን ተሰክቷል፤ እሱን ቴክኒሻኖቹ የሚያወልቁት ሊነሡ ሲሉ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ነው። አጎቴ ያበረሩት የአሜሪካ ተዋጊ ጄት፣ የኤፍ-5 ሞተር በራሱ አይነሣም፤ ከውጭ በመኪና የሚጎተት የአየር መጭመቂያ ይሰካበታል። አጎቴ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ግራ እጃቸው ጉልበታቸው አጠገብ ወደ ፊት እየተገፋ ነበር፣ ነዳጅ መስጫው ማለት ነው። ቀኝ እጃቸው ደግሞ ጭናቸው መሃል የማይታይ መሪ ጨብጧል። ዓይናቸው ከእኔ ላይ ተነሥቶ መስኮቱን አልፎ ሄዷል። ሳልጠይቃቸው ስለ ድሬዳዋ ማውራት የጀመሩት በዚህ መሃል ነው።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ስለ ሥራው ብቻ ሆነ። ምን ለበሳችሁ? ቁርስ ምን በላችሁ? ሬዲዮው ላይ በምን ቋንቋ ታወራላችሁ? ነዳጅ እያለቀ ሲመጣ የቱን መብራት ታያላችሁ? «ፈሩ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አልፈራሁም» ነው የምትሰሙት። «ስድስት ጂ ሲገባ ሰውነት ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ።

እኔ በዚህ ጥያቄ ያገኘሁትን ላጫውታችሁ። ጄቱ በኃይል ሲታጠፍ የአብራሪው ክብደት እጥፍ ድርብ ይሆናል። በስድስት ጂ፣ ማለትም ክብደቱ ስድስት እጥፍ ሲሆን፣ ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው አራት መቶ ሃያ ኪሎ ይከብዳል። ደሙ ከጭንቅላቱ ወርዶ እግሩ ላይ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ቀለም ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር አመድማ ይሆናል። ቀጥሎ እይታው ከዳር ዳር እየጠበበ በቀዳዳ እንደማየት ይሆናል። አሁንም ካላላላ ጨለማ ነው። ለዚህ ብለው ከወገብ በታች የሚለብሱት ልብስ አለ፤ አየር ይሞላና ሆድንና ጭንን ጭምቅ አድርጎ ደሙን ይይዛል። እሱ ብቻ አይበቃም፣ አብራሪው ራሱ ሆዱንና እግሩን አጥብቆ ትንፋሹን እየቆረጠ ማማጥ አለበት። «እንዴት አድርገው?» ስላቸው በርጩማው ላይ እንዳሉ አሳዩኝ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ፊታቸው ደም መሰለ፣ ከጉሮሯቸው የወጣው ድምፅ ማድ ቤት ደረሰ። ባለቤታቸው ወጡን ጥለው ማማሰያ እንደያዙ ሮጠው መጡ። «ምን አደረግሽብኝ ሰውዬዬን?» አሉኝ። አጎቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃታቸው። ያ ሳቅ ቅጂው ላይ አለ፤ ልጆቻቸው ከሁሉም ክፍል አብልጠው የሚሰሙት እሱን ነው።

እንዲህ ባለ መንገድ ነው ጦርነቱ ራሱ የመጣልኝ። አጎቴ የተማሩት በአሜሪካ መንገድ ነበር፤ መጀመሪያ ሳፊር፣ ቀጥሎ ቲ-28፣ ከዚያ ቲ-33 በሚባሉ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች፣ በመጨረሻ ኤፍ-5። የሶማሊያ አብራሪዎች ደግሞ በሶቪየት ሚግ-21 ነበር የሚመጡት። ሚግ-21 በፍጥነት ይበልጣል፣ ከድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ይሄዳል፤ የኤፍ-5 አንዱ ዓይነት የሆነው ኤፍ-5ኢ አንድ ነጥብ ስድስት እጥፍ አካባቢ ነው። «ቀጥታ ከሮጥነው አናገኘውም» ይላሉ አጎቴ፤ «እኛ የምንፈልገው እንዲታጠፍ ነው።» ኤፍ-5 ትንሽና ቀላል ስለሆነ መታጠፉ ላይ ይችላል። ክንፉ ጫፍ ላይ ያለው ሳይድዋይንደር ሙቀት ተከትሎ የሚሄድ ሚሳይል ነው፤ በደንብ የሚሠራው ከጠላት ጭራ ኋላ ሲለቀቅ ነበር። አፍንጫው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፎች አሉ። ካራማራ ተራራ ላይ የነበረው ራዳር ጠላት ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነግራቸው እንደነበር፣ ጅግጅጋ በመስከረም 1970 በጠላት እጅ ስትወድቅ እሱም አብሮ እንደጠፋ ሲነግሩኝ ግን ድምፃቸው የሰው ሞት የሚያረዱ ያህል ነበር።

የአየር ኃይሉ ሰፈር ካለበት ከደብረ ዘይት ድሬዳዋ በአየር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከድሬዳዋ ጅግጅጋ ግን በጄት አሥር ደቂቃ አይሞላም። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ የደረሰ ጊዜ የውጊያው ቦታ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ስለነበር፣ ጎማ አጥፎ ሳይጨርስ ዒላማው ላይ የሚደርስ ነበር ይላሉ። ኤፍ-5ኢ በሆዱ የሚይዘው ነዳጅ 4,400 ፓውንድ ያህል፣ ማለትም ሁለት ሺህ ኪሎ ነው። አፍተርበርነር፣ ተጨማሪ ነዳጅ አቃጥሎ ግፊት የሚጨምረው ማለት ነው፣ የተከፈተ እንደሆነ ይህ ሁሉ እያዩት ያልቃል። ከፍ ባለ ቦታ፣ በሙቀት ሰዓት፣ ቦምብ ተሸክሞ መነሣት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም አቅማቸው ይቀንሳል፣ ማኮብኮቢያው እየተበላ አውሮፕላኑ እምቢ ይላል። የእኛ ሰው ጀብዱውን እንጂ ይህን አይጠይቅም። እኔ ግን አጎቴን ከዚያ የማኮብኮቢያ ጫፍ በላይ የገለጻቸው ነገር አላገኘሁም።

በዚያ ጦርነት ከሁሉ ይበልጥ ስማቸው የሚነሣው ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ናቸው፤ የጠላት ሚጎችን ጥለው፣ በኋላ ራሳቸው ተመትተው ሶማሊያ ውስጥ ወደ 11 ዓመት የሚጠጋ ታስረው፣ ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ከተስማሙ በኋላ የተፈቱ። የእሳቸው ስም ሲነሣ አጎቴ ከመቀመጫቸው ከፍ ይላሉ። እንግዲህ አጎታችሁ ወይም አባታችሁ የታወቀ ሰው ስም ሲጠሩ ጊዜ አትቸኩሉ፤ ስለ ራሳቸው የማይሉትን ስለ ጓደኛቸው ይላሉ።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ፤ ከጆሮ ልጀምር። የጄት ሞተር አጠገብ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ጆሮው መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭኑን ድምፅ በሚሰማበት በኩል ነው። ስለዚህ የሴትና የሕፃን ድምፅ ያስቸግረዋል፤ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉት ፊደሎች ይጠፉበታል። መጮህ አይረዳም፣ ስንጮህ ድምፃችን ይበልጥ ይቀጥናል። ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ከንፈራችሁ ይታይ፣ ድምፃችሁን ወፍራም አድርጋችሁ ቀስ በሉ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጥፋ። በስልክ ቃለ መጠይቅ ለማድረግ አትድከሙ። ለነገሩ አጎቴ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከማንም በላይ ይሰማሉ ማለት ይቻላል። መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ ጣል አድርገው ትንሽ ይቆዩና «ኩሽኔታው ሊሄድ ነው፣ ቺንጋውንም ላላ አድርገው» ይሉታል ልጁን። ሳምንት ሳይሞላ ኩሽኔታው ይሄዳል።

መቅጃውን በተመለከተ ስልክ ይበቃል። ስልኩን ግን ረከቦቱ ላይ አታስቀምጡት፣ ሲኒ በተነካ ቁጥር መብረቅ የወረደ ይመስላል። የታጠፈ ነጠላ ላይ አድርጉት። መብራት ስለሚጠፋ ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ። አንድ መቀመጫ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ማታ አትጠይቁ። ማታ የተነካ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ አብረዋቸው የሚያድሩትም እናንተ ሳትሆኑ ባለቤታቸው ናቸው። እኔ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ወፍጮ ቤቱ ወረፋ ሳይበዛበት በፊት ነበር የምመርጠው።

ቀንና ሰዓት ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ብዙ የተጻፈ ታሪክ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የአጎቴ የበረራ መዝገብ፣ ሎግ ቡክ የሚሉት፣ በእንግሊዝኛ ቀን ነው የተሞላው። ሰዓቱ ደግሞ አብራሪዎች «ዙሉ» የሚሉት የግሪንዊች ሰዓት ነው። መዝገቡ ላይ 0600 ያለው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ብሎ ያነበበው ሰው የጠዋቱን ውጊያ እኩለ ቀን ላይ ያደርገዋል። ዓመቱም እንዲሁ ነው። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ድረስ ከፈረንጁ ዓመት የሚቀነሰው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ጅግጅጋ የወደቀችው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 1977 ነው፤ ስምንት ብትቀንሱ 1969 ይመጣል፣ ትክክሉ ግን መስከረም 1970 ነው። የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970 መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ እሱን እንደ ችካል ያዙትና ሌላውን ከእሱ በፊትና በኋላ እያላችሁ አሰልፉ። ሽማግሌ ቀን ባያስታውስ «ከካራማራ በፊት ነው? ክረምት ነበር? ጾም ገብቷል?» ሲባል ያስታውሳል።

ወረቀት ፈልጉ። በግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ አንዳንድ አብራሪዎች አውሮፕላን ይዘው ጅቡቲ ገቡ፣ ሌሎች ካምፕ ገቡ፣ ቤተሰብ የደንብ ልብስና ፎቶ ቀበረ፣ አቃጠለ። የአጎቴን ሎግ ቡክ ባለቤታቸው በላስቲክ ጠቅልለው የጤፍ ጎታ ሥር ከተቱት፤ ጥጉን አይጥ በልቶታል እንጂ ይነበባል። ስለዚህ ወረቀት ስትጠይቁ ባልየውን ሳይሆን ሚስትየውን ጠይቁ። የጡረታ ደብተር፣ የማዕረግ ደብዳቤ፣ የሜዳሊያ ምስክር ወረቀት፣ ከኋላው የተጻፈበት ፎቶ፤ ሁሉም ቀንና ቦታ ይሰጣል። ፎቶውን በስልክ አንሡት፣ ጀርባውንም ጭምር። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የቀድሞ አብራሪዎች ወደ ሥራ ተጠርተው ነበር፤ አጎቴንም ጥሪው ደርሷቸው ሐኪም ጆሯቸውን አይቶ መለሳቸው። ያቺ የሐኪም ወረቀት እንኳ ዛሬ ታሪክ ናት።

የሚከብደው ክፍል ግን ወረቀት የለውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ጎጃም አመፀ፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። መንግሥት ጦር ላከ፣ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም መንደር ደበደቡ። ኋላ ጃንሆይ ውዝፉን ማሩ፣ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ተነሡ። አጎቴ አየር ኃይል የገቡት ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። እናቴ እንደምትለው መጀመሪያ በደንብ ልብስ ቤት የመጡ ዕለት መንደሩ እልል ሲል አያቴ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና «ቢቸናን የደበደበችው የናንተይቱ ናት?» ብለው ጠየቁ። ምን እንደመለሱ እናቴ አልሰማችም፣ ወይም ሰምታ አልነገረችኝም።

ይህን ለአጎቴ ሳነሣ «እሱን አጥፊው» አሉኝ፣ መቅጃውን ማለታቸው ነው። አጠፋሁት። ያወሩኝን አልጻፍኩም። ስለ ኦጋዴን ሰዓታት የሚያወሩት ሰው በደርግ ዘመን ስለነበረው የሰሜኑ ጦርነት ዓመታት «ግዳጅ ነበር» ከማለት አልፈው አያውቁም። ከታች ያለው ሰው አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ሲሆን ወሬው ሌላ ነው፣ ይህን ለመረዳት ፊታቸውን ማየት ይበቃል። በጥራዙ ውስጥ «እዚህ ላይ መቅጃው ይጥፋ አሉ» ብዬ አስቀመጥኩት። የእናንተም ሰው እንዲህ ሲል አትገፋፉ፤ ለንስሐ አባት የሚባል ነገር ለልጅ አይባልም። ግን ዝም ያሉበትን ቦታ በጀብዱ አትሙሉት። እንዳልተናገሩ ጻፉ፤ የሚያነብ ሰው ያውቃል።

ሳታስነብቡ ለማንም አትስጡ። የሞቱ ጓደኞቻቸው ስም ካለ ቤተሰባቸውን ሳትጠይቁ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አታውጡ፤ አባቷ እንዴት እንደወደቀ ከፌስቡክ የምትሰማ ልጅ ትኖራለች። ስምምነት ካገኛችሁ አንድ ቅጂ በፍላሽ ለልጆች፣ አንድ የታተመ ለቤት፣ አንድ ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብታስቀምጡ ከአይጥም ከመንግሥት ለውጥም ይተርፋል።

አጎቴ ረቂቁን መነጽር አድርገው፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው አነበቡት። «ጀግናው» የሚለውን ከየገጹ ሰረዙ። ሌላውን አልነኩም፤ ስለ አነሣሡ በጻፍኩበት ገጽ ዳር ላይ ብቻ «ቴክኒሻኖቹስ የት አሉ?» ብለው ጻፉ። ልክ ናቸው። ሚሳይል የሰቀለው፣ ሌሊት ሞተር አውርዶ ጎሕ ሳይቀድ የመለሰው፣ ፒኑን ያወለቀው፣ ፈርሞ «ይብረር» ያለው ሰው ስለ እያንዳንዱ አውሮፕላን ጠባይ ከአብራሪው የበለጠ ያውቃል፤ የጭራውን ቁጥር ብትጠሩለት የትኛው ጎማ ያስቸግር እንደነበር ይነግራችኋል። አሁን ከአጎቴ ጋር ድሬዳዋ የነበሩ አንድ የአርማመንት (የአውሮፕላን ጦር መሣሪያ) ሰው ባሕር ዳር እንዳሉ ሰምቼ በዘመድ በኩል እያፈላለግኋቸው ነው። በቤታችሁ አብራሪም መካኒክም ካለ ከመካኒኩ ጀምሩ፤ የእሱ ጆሮ ይብሳል፣ እስካሁን የጠየቀውም የለም።